ቀድመው ሰላም የማይሉት እትዬ ይታይሽ

የእትዬ ይታይሽን ሞት የነገሩኝ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ጋሽ ደሴ ናቸው። ጠዋት ደወሉልኝና ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳያዳርሱ፣ «አንች ማስተዋል፣ ያች ኩሩ ሴት አረፈች እኮ» አሉኝ። የትኛዋ ብዬ አልጠየቅሁም። በባሕር ዳር ስንትና ስንት ኩሩ ሴት ይኖራል፤ በእኛ ቢሮ ግን «ኩሩዋ» ከተባለ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«የት?» አልሁ።

«እዚያው ዘጌ ነዋ። ነገ ነው ቀብሩ። ወንድምየው ከመራዊ መጥቷል ይላሉ። እንግዲህ ማን ሊቀብራት ነው? ሰው የላት።»

ወዲያው አለቀስሁ ብል ውሸት ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሰው የላት! አንድ ከተማ ሙሉ ችግሩን ጭኖ የኖረባቸው ሴት፣ ሰው የላት! ጋሽ ደሴ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እሳቸውም እንደ ሌላው ሁሉ ያዩትን ነው የተናገሩ። እትዬ ይታይሽ ደግሞ እንዲታይ የፈቀዱት ይህንኑ ብቻ ነበር።

እኔና እሳቸው የተገናኘነው በአንድ ክፍለ ከተማ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ነው። እኔ ገና ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ተመርቄ የወጣሁ ለጋ ባለሙያ ነበርሁ፤ እሳቸው ጠጉራቸው ሸበቶ ጣል ጣል ያደረገበት፣ ቀጭን፣ ረዘም ያሉ፣ ክረምት ከበጋ አንዲት አረንጓዴ ሹራብ የማትለያቸው ሴት። ባል አላገቡም፤ ልጅም አልወለዱም። የቢሯቸው ወንበር አቀማመጥ እንኳ የብቻቸው ነበር። ባለጉዳይ የሚቀመጥበትን ወንበር ጀርባውን ለበሩ ሰጥተው ነው የሚያኖሩት። በኮሪደር የሚያልፍ ሰው የባለጉዳዩን ማጅራት እንጂ ፊቱን አያይም። አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር «ቢሮ ይስተካከል» ይባልና ወንበሩ ይዞራል፤ እሳቸው ምንም ሳይሉ ምሳ ሰዓት ላይ መልሰው ያዞሩታል።

ጥላ ነበረቻቸው፤ ጥቁር፣ አንድ ዘንጓ የጎበጠ። ፀሐይም ይሁን ዝናብ፣ ደመናም ቢሆን፣ ከቢሮ ሲወጡ ይዘረጓታል። መንገድ ላይ ሰው ከፊት ለፊታቸው ሲመጣ ጥላዋን ወደ ፊት ዘንበል ያደርጓትና እግራቸውን እግራቸውን እያዩ ያልፋሉ። ቀድመዋቸው ሰላም ካሏቸው ጥላዋን ብድግ አድርገው፣ «እንዴት ዋልሽ የኔ እመቤት!» ብለው በሙሉ ፊታቸው ይስቃሉ። ካልቀደሟቸው ግን ዝም። ከአፋቸው አንድ ቃል አይወጣም።

እኔ መራዊ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እኛ ዘንድ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ከስድብ አይተናነስም፤ ሰላምታ እኮ የእግዜር ነው። እኒህ ሴትዮ ምን ሆነው ነው እያልሁ ስቀየማቸው ከረምሁ። ሰፈራቸው ያሉ ሴቶች፣ «ይታይሽ ደህና ዋላችሁ ማለት ግብር የሚከፈልበት መስሏት ነው» እያሉ ይሥቁባቸው ነበር። ጎረቤት ሲድር የሚጠሩት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። አንዳንዱም ጭራሽ አይጠራቸውም።

ነገሩ የገባኝ አንድ ቅዳሜ ገበያ አብረን ወጥተን ነው። ሽንኩርት ተራው መሐል ከፊት ለፊታችን አንዲት ወጣት ሴት ከአንዲት ጠና ካሉ ሴትዮ ጋር ስትመጣ አየሁ። ወጣቲቱን አውቃታለሁ፤ በዚያው ሳምንት ቢሯችን መጥታ ስታለቅስ ውላ የሄደች ናት። ደህና መሆኗን ሳይ ደስ አለኝና እጄን አንሥቼ «እንዴት...» ከማለቴ፣ እትዬ ይታይሽ ክንዴን አጥብቀው ቆነጠጡኝ። ራሳቸው ጥላዋን ዘንበል አድርገው ከነጭ ሽንኩርት ሻጩ ጋር የሞት ሽረት ክርክር ገቡ። ሴቶቹ በአጠገባችን አለፉ።

«ምን አደረግሁ?» አልሁ ክንዴን እያሸሁ።

«ምንም። ልታደርጊ ነበር።»

«ሰላም ማለት ነውር ሆነ ዛሬ?»

«አብራት ያለችው ማን ናት?»

«እኔ እንጃ። አማቷ ትመስለኛለች።»

«እሺ፤ አንች ሰላም ብለሻት ታልፊያለሽ። አማትየዋ ‹ይህችን ሴት የት ታውቂያታለሽ?› ትላታለች። ምን ትመልስ? አንች ወደ ቤትሽ፣ እሷ ወደ ጭቅጭቋ። ከፈለገች እሷ ትቅደም፤ መቅደም የሷ ነው። እኛ ማንንም አንቀድምም፤ ሌላውን ሰላም ብለን እሷን ብናልፍ ይታወቅባታል።»

«እሷም ባትቀድምስ?»

«ሆድ ይፍጀው» አሉና ነጭ ሽንኩርቱን ሳይገዙ ሄዱ።

«እኔ ያን ያህል አልችልም» አልኋቸው ከኋላ እየተከተልሁ። ዞረውም አላዩኝ። «ትችያለሽ» አሉ፤ «ግን አይለመድም።»

ካሉኝ ነገሮች ሁሉ አንዲት ቃል ውስጤ ቀርታለች። አንድ አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ካለው አግዳሚ ተቀምጠን ጀልባዎቹ ሲገቡ እናያለን። የማያቋርጥ ሰው በፊታችን ያልፋል። ከመሐሉ ማን ባለጉዳያቸው እንደሆነ ማን እንዳልሆነ እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ያውቃሉ። ጥላቸው አንዴ ዝቅ አንዴ ከፍ ይላል። ድንገት፣ «ማስተዋል፣ አንዳንዴ እኮ ይርበኛል» አሉኝ።

«ቆሎ ላምጣልዎ?»

«ቆሎ አይደለም። ሰው ነው የሚርበኝ» አሉ። እጃቸውን ያዝሁት፤ እሳቸውም አልከለከሉኝም።

እንግዲህ የእኛን ቢሮ ሹም ሽር ለማያውቅ ሰው ልንገር። ኃላፊ ይመጣል፤ የትውውቅ መድረክ ይዘጋጃል፤ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ ይደረደራል፤ «ካለፈው የተለየ አሠራር» ይባላል። ገና አሠራሩን ሳንለምደው እሱም ይነሣል። ጋሽ ደሴ በሩ ላይ ቆመው፣ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ ሁልጊዜ። እትዬ ይታይሽም፣ «ተወው ደሴ፤ እኛ ሽንኩርታችንን እንክተፍ» ብለዋቸው ይገባሉ። ኃላፊዎቹ ከየትም ይምጡ፣ ምንም ይሁኑ፣ እሳቸው በክፉም በደግም ስማቸውን አያነሡም። አዲሱን ለማስደሰት አሮጌውን ያሙበት ቀን አላየሁም። ይህም ራሱ በእኛ ቢሮ ያስጠረጥር ነበር።

ከኃላፊዎቹ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። የመጀመሪያው መነጽር የማይለያቸው፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ፤ መነጽራሙ እንበላቸው። በእሳቸው ዘመን አንዲት ሴት ፊቷ አብጦ፣ ትንሽ ልጇን አዝላ መጣች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። በሩን የከፈትሁላት እኔ ነበርሁ፤ ያን ፊት አልረሳውም። ባሏ በከተማው የሚፈራ ሰው ነው። ገድሎ እንደሚጥላት በሰው ፊት ምሏል። እትዬ ይታይሽ ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፣ በሩን ዘጉ። በማግሥቱ ሴትዮዋም ልጇም ባሕር ዳር ውስጥ አልነበሩም። የት እንደገቡ የሚያውቁ እትዬ ይታይሽ ብቻ ነበሩ። እኔም አልጠየቅሁ፣ እሳቸውም አልነገሩኝ።

ባልየው ለካስ የመነጽራሙ አበልጅ ኖሯል። ክርስትና የተነሣሡ ሰዎች! ሳምንት ሳይሞላ እኔና እትዬ ይታይሽ ተጠራን።

«ወይዘሮ ይታይሽ» አሉ ኃላፊው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ባልና ሚስት ማስታረቅ ጽድቅ ነው። ሽማግሌም ተቀምጧል። ያለችበትን ይንገሩንና ነገሩ በሰላም ይለቅ።»

«ሽማግሌዎቹ ባልየውን ይምከሩት ጌታዬ። እሱ ያለበት አልጠፋም።»

«እኔ ኃላፊዎ ነኝ እኮ።»

«የኔ ኃላፊ ነዎት። የሷ አይደሉም።»

መነጽራሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «መልካም» አሉ። እንዲህ ያለች «መልካም» ምን እንደምታመጣ ቢሮ የሠራ ሰው ያውቃታል።

ያመጣችው ግምገማ ነበር። በአዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት አንድ በአንድ እየተነሡ ተናገሩባቸው። አንዱ «አመራር አትቀበልም» አለ። ሌላው «ያለፈው አመራር ናፋቂ ናት» አለ። ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባችን ተነሥታ፣ «እኔ ሌላውን አላውቅም፤ መንገድ ላይ ሰላም እንኳ አትለንም። ጎረቤቶቿም ይመስክሩ። ሕዝብን የምትንቅ ሴት ሕዝብን ልታገለግል አትችልም» አለች። አዳራሹ ተንጫጫ። ሁሉም በዚህ ነገር ቂም ይዞ ኖሯል ለካ! አንዱ «እኔንም» ይላል፣ ሌላው «እናቴንም» ይላል።

ልነሣ ስል እትዬ ይታይሽ ከፊት ወንበር ዞረው አዩኝ። ያ ዓይን ከቁንጥጫው የባሰ ነበር። እውነት ነው፤ ምክንያቱ ከተነገረ፣ ከነገ ጀምሮ ጥላቸው ዝቅ ያለለት ሰው ሁሉ ባለጉዳያቸው ነው ተብሎ ይጠረጠራል። መከላከያቸው እጃቸው ላይ ነበር፤ ቢያወጡት ግን የሚጎዳው ሌላ ነው። ተነሡና ሹራባቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው፣ «ሂሱን ተቀብያለሁ» አሉ።

ወደ ዘጌ ተዛወሩ። ዘጌ በጀልባ ሩቅ አይደለም፤ ግን እንደ እሳቸው ላለ ሰው ሥራውን ሁሉ ነጥቆ ደን ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። ወደቡ ድረስ ሸኘኋቸው። የያዙት አንድ ፍራሽ፣ የጋዝ ምድጃቸውንና ያችን ጥላ ነው። ከቢሮ ሌላ የመጣ ሰው የለም። እኔ ስነፋረቅ፣ «ምን ያስለቅስሻል? ዘጌም ሰው አለ» አሉኝ። ጀልባው ሲነሣ ግን ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ነበር።

መነጽራሙም በተራቸው ወደቁ። ጋሽ ደሴ የጉልቻዋን ተረት ተረቱ፤ ሽንኩርታችንን እንክተፍ የሚል ግን አልነበረም። አዲሱ ኃላፊ ወጣት ናቸው፣ ሳቂታ፣ ሰውን በትከሻው የሚይዙ። ወንበር ሳይሞቃቸው አስጠሩኝ።

«ወይዘሮ ይታይሽ በግፍ እንደተዛወሩ ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ይመለሳሉ። ቡድን መሪ ይሆናሉ። ሂጅና አምጫቸው።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ልወጣ ስል፣ «አንድ ነገር ብቻ» አሉ እየሣቁ፣ «መድረክ እናዘጋጃለን። የቀድሞው ኃላፊ የሠሩት ግፍ በሕዝብ ፊት ይወጣል። ያችን ሴት ከነልጇ ይዘዋት ይምጡ። ካሜራም ይኖራል። የተበደለች ትናገር!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጥሩ ነገር መሰለኝ። የመጀመሪያው ጀልባ ላይ ተሳፈርሁ።

እትዬ ይታይሽ የተከራዩት ክፍል ከሐይቁ ጥቂት ፈቀቅ ብላ ዛፍ የዋጣት ናት። ደጃፉ ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ከስተዋል። ሳይነግሩኝ ገባኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ የሚውሉበት ጊዜ ነበር። ቃሌን እስክጨርስ ምስሩን ይለቅማሉ። ጨረስሁ።

«ሴትዮዋ ምን አለች?» አሉኝ።

«ገና አልተጠየቀች። ያለችበትን የሚያውቁ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ጠይቄያታለሁ። መነጽራሙ ወረደ ሲባል ነው የጠየቅኋት።»

«ይህ እንደሚመጣ በምን ዐወቁ?»

«አዲስ ሹም መጀመሪያ የሚፈልገው የአሮጌውን ኃጢአት ነው። ‹ልጄ ትምህርት ጀምራለች፤ ሰው ማን መሆኔን አያውቅም፤ እባክሽ ተይኝ› ብላኛለች።»

«እሳቸው እኮ ሊጠቅሟት ነው እትዬ! ፍትሕ እኮ ነው!»

ሰፌዱን አስቀመጡት። «ፍትሕ የምትሻ ቀን ፍርድ ቤት እወስዳታለሁ፤ እሷ ስትል። ይህ ግን የሁለት ሹማምንት ጠብ ነው። ያኛው ሲያባርረኝ ያልሰጠሁትን፣ ይህኛው ሲሾመኝ ልስጥ?»

ተናደድሁ፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። «ታዲያ እርስዎ እዚህ ጫካ ውስጥ ብቻዎን ይቅሩ? ማን ያውቅልዎታል? ማን ያመሰግንዎታል?»

«ማንም» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ ማስተዋል። ማታ ማታ ቤቱ ይጨንቀኛል። ባሕር ዳር መመለስ እፈልጋለሁ። ግን በሷ አንገት ላይ ተረማምጄ አልመለስም። ሂጅ፣ ጀልባው እንዳያመልጥሽ።»

ለሳቂታው ኃላፊ መልሱን ሳደርስ ሣቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። «አሃ» አሉ፣ «ለካ እሷም የዚያኛው ሰው ናት!» በዚሁ ቀረ። መነጽራሙ «ያለፈው አመራር ናፋቂ» ብለው ያባረሯቸውን፣ ሳቂታው የመነጽራሙ ሰው ናቸው ብለው እዚያው ተዉአቸው። ሳቂታውም ተነሡ፤ ሌላም መጣ። የእትዬ ይታይሽን ስም የሚያስታውስ ግን ጠፋ። ጡረታም የወጡት እዚያው ነው። እኔ ሲመቸኝ እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር፤ በሄድሁ ቁጥር ጥላዋ ከበሩ ጀርባ ተሰቅላ ትጠብቀኛለች።

ለቀብሩ ስሄድ ጀልባው እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ አገኘሁት። ሐይቁን የወረረው እምቦጭ አረም ሞተሩን እየያዘው ዘገየን። የገረመኝ የሰዉ ዝምታ ነው። ጀልባ ላይ እኮ የማያወራ የለም፤ «ከየት ነሽ? ወዴት ነሽ?» ሳይባል ውኃ አይሻገርም። ያን ቀን ግን ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ጎረምሶች፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ዓሣ አስጋሪ፣ ሁሉም ውኃውን ውኃውን እያዩ ተቀምጠዋል። ማንም ማንን የት እንደሚሄድ አልጠየቀም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ግቢው ሞልቷል። ከአዴትም ከመራዊም መንገድ የመጣ አለ። ሬሳው ሲወርድ ያለቀሱት ልቅሶ እናቱ የሞተችበት ሰው ልቅሶ ነበር። ግን ሙሾ የሚያወርድ አልተገኘም፤ ምን ብሎ ያወርዳል? «ይህን አድርገሽልኝ» የሚል ግጥም ማን አፉን ሞልቶ ይገጥማል? ዓሣ አስጋሪው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ይጸልይ ነበር። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰዉ ለወንድምየው «እግዜር ያጥናዎ» እያለ በየፊናው ተበተነ።

ወንድምየው፣ አቶ ሙሉ፣ ገበሬ ናቸው፤ እንደ እህታቸው ረዥም። በትራቸውን ተደግፈው ፈዝዘው ቆመዋል። ሥራ ቦታ አብሬያቸው እንደነበርሁ ስነግራቸው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?» አሉኝ። «እህቴ ሰው አልነበራትም። እኔም ሰው አስቀይማ፣ ከሰው ተጣልታ ነው የኖረች እያልሁ ስንት ዘመን አዘንሁባት። ዛሬ ‹የት ታውቋታላችሁ?› ብዬ ሁሉንም ጠየቅሁ። ‹እንዲሁ ነው፣ እንዲሁ ነው› ይሉኛል። አንች ታውቂያቸዋለሽ?»

ከመቃብሩ ማዶ የቆሙትን አየሁ። ግማሾቹን ዐውቃቸዋለሁ፤ ያን ወንበር ይዘው፣ ማጅራታቸውን ለበሩ ሰጥተው ሲያለቅሱ ዐውቃቸዋለሁ። አንድ ቃል ብናገር እኒያ ሽማግሌ እህታቸውን ያገኙ ነበር። እህትዎ እንደዚህ ነበሩ፣ እነዚህ ሁሉ የእሳቸው ናቸው ለማለት ምላሴን በላኝ። ግን ሰዎቹ እዚያው ቆመዋል፤ ከመሐላቸው ማን ከማን ሸሽቶ እንደሚኖር ማን ያውቃል?

«አላውቃቸውም አባቴ» አልሁ። «ብቻ፣ እህትዎ ሰው አስቀይመው አልኖሩም። ይህን ይመኑኝ።»

ሽማግሌው ፊቴን ቆይተው ቆይተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን እንደገባቸው አላውቅም።

ባሕር ዳር ስንመለስ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ከጀልባው ወርጄ ጥላዬን ዘረጋሁ። ከሌላው ጀልባ የወረዱ ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ከመሐላቸው አንዲት ሴት የአንዲት ረዘም ያለች ልጅ እጅ ይዛ። ዐወቅኋት። ፊቷ ወዝ አለው፤ እብጠቱ የነበረበት ቦታ ላይ ምንም የለም። ልጅቱ የተማሪ ቦርሳ አዝላለች። ያች እናቷ ጀርባ ላይ የነበረች ሕፃን! ዘልዬ ልስማት ቃጣሁ። እንዴት እንደጓጓሁ! እትዬ ይታይሽን ከእኔ ጋር የሚያለቅስ ሰው በዓለም ላይ ካለ እሷ ናት።

ጥላዬን ዘንበል አድርጌ ቆምሁ። ከጥላው ሥር የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። ሲቀርቡ የእናትየዋ እግር ቀስ አለ፤ ከፊቴ ደርሶ ቆመ። ትቀድም እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ። ከኋላ አንድ ሰው ስሟን ጠራ፤ አዲሱን ስሟን መሰለኝ፣ እኔ የማላውቀውን። «መጣሁ!» አለችና እግሯ ተነሣ። ልጅቱም ተከትላት ሄደች።

እስኪርቁ ቆየሁ። ከዚያ ጥላዬን ሳላቃና ወደ ቤቴ መንገድ ጀመርሁ፤ «እንደምን ዋልሽ» አፌ ውስጥ እንዳለች።